በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በራስ ዕቅድ መዋል

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር መዋል የቆየ ልማድ ነው። ቤተሰብ፣ ጓደኛሞች፣ ሙሽሮች፣ ለስብሰባ የመጡ ሠራተኞች ጠዋት ወደ ውሃው ይወርዳሉ፤ ጀንበር ስትጠልቅ ይመለሳሉ። አብዛኛው ሰው አስጎብኚ አይዝም። ባጃጅ ይሳፈራል፣ ዓሣውን አይቶ ይገዛል፣ የጀልባውን ዋጋ ራሱ ይከራከራል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ቀን ምን ምን እንዳለውና እንዴት እንደሚታቀድ ይዳስሳል።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የቀኑን ሰዓት የሚደለድለው ሐይቁ ነው። ዓሣው የሚገባው በማለዳ ነው። ውሃው የሚረጋውም በማለዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ጀንበር ደግሞ የምትጠልቀው በውሃው ማዶ ነው። ይህን ሳያውቅ የመጣ ሰው ረፍዶ ተነስቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ የዓሣ ገበያው ወዳለበት አሞራ ገደል የሚደርሰው ገበያው ሲበተን ነው።

ሐይቁና ከተማዋ

ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ክልሉ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ መነሻነት በዚያው ዓመት ተመሠረተ። ከዚያ በፊት ከተማዋ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. አካባቢ በመሆኑ ከብዙ የአገራችን ከተሞች ጋር ስትነጻጸር ወጣት ናት። መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ እንግዳን ብዙም አያደናግሩም። ስሟን የወሰደችው ከሐይቁ ሲሆን ቃሉ በሲዳምኛ ሰፊ ማለት ነው።

የሐይቁ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ20 ሜትር ብዙ አያልፍም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጥቁር ውሃ ይባላል። የሚወጣበት ወንዝ ግን የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋማ ይሆናል፤ ከዚያው ሳንርቅ አቢያታና ሻላ ምስክር ናቸው። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ዓሣ የሚረባበት፣ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ነው። ለኔ ይህ የሐይቁ ትልቁ ድንቅ ነገር ነው።

ውሃው በአንዳንድ ዓመታት ከፍ እያለ ከተማዋን አስግቷል። ስለዚህ በዳርቻው ላይ የጎርፍ መከላከያ ግድብ ተሠርቷል። ዛሬ በእግር የሚንሸራሸር ሰው አንድ ጎኑን ውሃ፣ ሌላ ጎኑን ዛፍና መዝናኛ አድርጎ የሚሄደው በዚሁ ግድብ ላይ ነው። ከተማዋ ያለችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ፎቶ ማንሳት የሚወድ ይህን ልብ ይበል። ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባ ሆና ውሃውንና ወፎቹን ታበራለች። አመሻሽ ላይ ከፊት ለፊት ስለምትሆን ሰውም ጀልባም ጥላ ብቻ ይሆናል።

ማለዳ፦ አሞራ ገደል

የዓሣ ገበያው ያለው ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ ነው። ለመግቢያ ትንሽ ክፍያ አለ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ ጥሩ ነው። አስጋሪዎቹ ማታ የጣሉትን መረብ ሰብስበው በእንጨት ጀልባ ይመጣሉ። ጀልባው ዳር ሳይነካ ገዢው ተሰብስቧል።

በብዛት የሚወጣው ቆሮሶ ነው። አምባዛም አለ፤ ትልልቁን ሲያዩት ያስደነግጣል። ልጆች በጣውላ ላይ ተደርድረው ዓሣ ይበልታሉ። አንዱን ቆሜ ሳየው ነበር። ቢላዋውን ከዓሣው ጉንጭ ሥር ሰክቶ በአከርካሪው በኩል ወደ ጭራው አወረደው። ገለበጠውና በሌላው ጎን ደገመው። ሥጋውን ከቆዳው ለየ። ሁለት ነጭ ሙዳ ወደ ሳህን፣ ጭንቅላትና አጥንት ወደ መሬት። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ስሙን ተናግሮ እስኪጨርስ ነው። አጥንቱ መሬት ሳይደርስ አባ ኮዳ ደረሰበት።

አባ ኮዳ የዚህ ቦታ ባለቤት ነው ማለት ይቻላል። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ቁመቱ ከሕፃን ልጅ የሚበልጥ ወፍ ነው። በሰው መሀል እንደ ሽማግሌ እየተራመደ ይዞራል። ፔሊካኖች ውሃው ላይ ይጠብቃሉ። ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር ዛፍ ላይ ሆኖ ይጮሃል። ጦጣዎቹ ደግሞ ዓይናቸው ከሰው እጅ ላይ ነው። ሙዝ ወይም ዳቦ ይዞ የገባ ሰው ሳያስበው ይነጠቃል። ሕፃን ልጅ ይዘው ከመጡ ምግብ አያስይዙት። ለጦጣዎቹም ባይሰጡ ይመረጣል። ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ኋላ ይነክሳል።

እዚያው ቁርስ መብላት ይቻላል። የዓሣ ሾርባ በትኩሱ፣ ዓሣ ጥብስ፣ ዱለት አለ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚወዱ ብዙ ናቸው። የኔ ምክር ግን በእሳት ያለፈውን ነው። ጥሬ ሥጋ ለሆድ ያለው አደጋ በዓሣም አይቀርም። ዳጣውን ግን አይለፉት። አረንጓዴ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም ተፈጭቶ የሚሠራ የደቡብ ማባያ ነው፤ ዓሣ ያለ እሱ ጎዶሎ ነው።

ጀልባ

ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀልባ መያዝ ይሻላል። ውሃው እንደ መስታወት ይሆናል፣ ወፎቹም ገና ንቁ ናቸው። ጀልባ የሚገኘው በአሞራ ገደል፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የዚሁ ሐይቅ ዳርቻ መዝናኛና በዳርቻው ካሉ ሆቴሎች ፊት ነው። ሁለት ዓይነት አከራይ አለ። አንደኛው ሰው ሲሞላ በነፍስ ወከፍ ያስከፍላል፤ ሁለተኛው ኮንትራት ነው። ኮንትራት ሲይዙ ጀልባው የእርስዎ ነው፤ ለአራትና ለአምስት ሰው ከሆነ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ንግግሩ አጭር ነው። «ወንድሜ፣ ጉማሬ ድረስ ስንት ነው?» «ስንት ናችሁ?» «አራት።» «በኮንትራት ነው በሰው?» እዚህ ላይ ቆም ማለት ነው። ከመሳፈር በፊት አራት ነገር ይነጋገሩ። ዋጋው የጠቅላላው ነው ወይስ የአንድ ሰው? ደርሶ መልስ ነው ወይ? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጉማሬ ባይገኝስ? ጉማሬ በቀጠሮ አይወጣም፤ ሐቀኛ ጀልበኛ ይህን ራሱ ይነግርዎታል። ክፍያውን ሙሉ በሙሉ አስቀድመው አይስጡ። ቀብድ ይበቃል፤ ቀሪው ሲመለሱ ነው።

ላይፍ ጃኬት የማይደራደሩበት ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ለልጅ የልጅ ልክ። መቆለፊያው መሥራቱን በእጅዎ ይሞክሩት። ከሌለ ወደ ሌላ ጀልባ ይሂዱ። እኔ አንድ ጊዜ ጃኬት በሌለው ጀልባ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ከልክ በላይ ተጭኖ ሄጃለሁ። መሀል ላይ ነፋስ ተነሳ። ማዕበሉ ጀልባውን በጎን እየመታ ውሃ ወደ ውስጥ አገባ። አንዲት እናት ልጇን እቅፍ አድርጋ ማርያም ማርያም ስትል እስከ ዳር ደረስን። ማንም አልተጎዳም፤ ያን ቀን ግን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ከ8 ሰዓት በኋላ ጀልባ አልይዝም፤ ለሚጠይቀኝም ሰው ሁሉ ይህንኑ እላለሁ።

ጉማሬዎቹ ብዙ ጊዜ የሚታዩት በጥቁር ውሃ አቅጣጫ፣ ደንገል በበዛበት ዳርቻ ነው። ጆሮና አፍንጫ ብቻ ከውሃው በላይ ብቅ ይላል። ጀልበኛው ሞተሩን ቀንሶ ራቅ ብሎ መቆም አለበት። «ትንሽ ጠጋ በልልን» ብሎ መለመን አይገባም። ጉማሬ ግልገል ካለው ወይም መንገዱ ከተዘጋበት ጀልባ ይገለብጣል። ማታ ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ስለሚወጣም ከመሸ በኋላ ጨለማ በሆነው ዳርቻ በእግር መሄድ ጥሩ አይደለም።

ውሃ ውስጥ ስለመግባት

እዚህ ላይ ቀጥታ ልናገር። ሐይቁ ውስጥ አይዋኙ። እግርዎንም ዳር ላይ ነክረው አይቀመጡ። ምክንያቱ ጉማሬ ብቻ አይደለም። በሐዋሳ ሐይቅ ብልሃርዚያ አለ። ተሸካሚው በዳርቻው ሣር ውስጥ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። ከሱ የሚወጣው ትል በዓይን አይታይም፤ በደህና ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ሕመሙም ወዲያው አይሰማም። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ስላዩ ደህና ነው ብለው አያስቡ፤ ብዙ የሚጠቁት እነሱው ናቸው። ውሃ የነካ ሰው ከሳምንታት በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ቢመረመር ጥሩ ነው፤ መድኃኒት አለው። መዋኘት የሚወድ የሆቴል ገንዳ ይጠቀም። በርካታ ሆቴሎች ከፍሎ ለሚገባ የውጭ ሰው ያስዋኛሉ።

ወባም አለ። ሲመሽ እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበሱ፤ ማታ አጎበር ያለበት አልጋ ይምረጡ።

ቀትርና ከሰዓት

ከ6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይዋ ትበረታለች። ይህ የምሳና የጥላ ሰዓት ነው። በሐይቁ ዳር ባሉ ትልልቅ ዛፎች ላይ ጉሬዛ ይታያል፤ ጥቁርና ነጭ ጠጉሩ ሲዘል እንደ ጋቢ ይዘረጋል። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከዚያ ሥር ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ አይሰለቸውም። የሲዳማን ምግብ መቅመስ የፈለገ ቡርሳሜ ይጠይቅ፤ ከእንሰት ተዘጋጅቶ በቅቤ የሚቀርብ ነው።

ወደ ከተማ መውጣት ለሚፈልግ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን መሀል ላይ ነው። ባጃጅ በደቂቃዎች ያደርሳል።

ታቦር ተራራን ለመውጣት ግን ከ10 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ብዙ አያደክምም። ከላይ ሲሆኑ ከተማው በአንድ በኩል፣ ሐይቁ በሌላ በኩል ይዘረጋል። ብቻዎን አይውጡ፤ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፣ ሳይጨልምም ይውረዱ። ተራራ የማይወጣ ሰው ጀንበሯን ከፍቅር ሐይቅ ያያታል። ከ12 ሰዓት በኋላ ነው የምትጠልቀው። ውሃው መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ ይሆናል። ቡና የሚያፈሉ እናቶች ከሰሉን የሚያራግቡት ያን ጊዜ ነው።

ቀን ስለመምረጥ

ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ይበዛል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ይቆያል። ቅዳሜና እሁድ ሰው ይበዛል፣ ዋጋም ከፍ ይላል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የቻለ ሰው ሌላ ሐይቅ ያየ ይመስለዋል።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው። ከየአገሩ ብዙ ሺህ ምእመን ይመጣል። አልጋ አይገኝም፣ መንገዱ ይጨናነቃል። ለንግሡ የሚመጣ ሰው ቀደም ብሎ አልጋ ይያዝ፤ ለሽርሽር ብቻ ከሆነ ሌላ ቀን ይምረጥ።

ፍቼ ጫምባላላ ሌላ ነገር ነው። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ሲሆን በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀኑን የሚቆርጡት አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች ኮከብ አይተው ስለሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በሐይቁ አጠገብ ያለው ጉዱማሌ በዓሉ የሚደምቅበት ሜዳ ነው። ቄጣላ የሚጨፈርበትን ያን ሜዳ ያየ ሰው ጀልባውን ይረሳዋል። እንዲህ ያለ ቀን ከገጠመዎት ሌላውን ዕቅድ ይሰርዙት።

መሄጃና መመለሻ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና አራት ወይም አምስት ሰዓት ይፈጃል። አውሮፕላንም አለ። በሞቃት ደሴቶች መካከል በመርከብ የሚጓዝ ሰው ወደብ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው መርከቡ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ነው፤ ከቀረ ትቶት ይሄዳልና። ሐዋሳ ለአንድ ቀን የመጣ መንገደኛም ልክ እንደዚያ ያስብ። የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ገና ሲደርሱ መናኸሪያ ውስጥ ጠይቀው ይያዙ። ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ምሳውን፣ ጀልባውን፣ ገበያውን ይደልድሉ። ቀጥታ መኪና ያመለጠው ሰው ወደ ሻሸመኔ ይሄዳል፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያም ወደ ብዙ አቅጣጫ መኪና ይገኛል። ጀንበር ማየት የፈለገ ሰው ግን አንድ ሌሊት ማደሩ ነው የሚሻለው። በማታ መንገድ መመለስን አልመክርም።

ለባጃጅና ለጀልባ ዝርዝር ብር ይያዙ። ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ጥሬ ገንዘብ ነው የሚያወጣው። ኮፍያ፣ የታሸገ ውሃ፣ ለስልክ ውሃ የማያስገባ ላስቲክ ይበቃል።

ዓሣ ወደ ቤት ለመውሰድ ያሰበ ሰው ጠዋት ገዝቶ ቀኑን ሙሉ ይዞ አይዙር። በሚነሱበት ቀን ማለዳ ያስበልቱ፣ በበረዶ ያሳሽጉ፣ ከገበያው ቀጥታ ወደ መኪናው። ቆሮሶው አዲስ አበባ ሲደርስ በረዶው ገና ካልሟሟ ለእራት ይደርሳል።