ያቤሎ፦ ከአስፋልቱ ወጣ ያለችው የቦረና ከተማ

ወደ ሞያሌ የሚወርድ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ያቤሎን ሳያያት ያልፋል። ዋናው አስፋልት ከተማዋን አይነካትም። መገንጠያው ላይ ወርዶ ባጃጅ መያዝ፣ ከዚያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ መግባት ነው። ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ለሞያሌ ደግሞ ሌላ 200 ይቀራል። የቦረና ዞን ዋና ከተማ ትሁን እንጂ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ነዋሪዋ 20 ሺህ እንኳ አልሞላም ነበር። ቢሮ፣ ባንክ፣ ሆቴል፣ መናኸሪያ፣ ማንኛውም የዞን ከተማ ያለው ሁሉ አላት። እሷን ለማወቅ የፈለገ ግን ከከተማው መውጣት አለበት፤ የሚያኖራት ውጭ የተሰማራው ከብት ነዋ።

ምድሩ ቀይ ነው። ከግራሩ መሀል ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የምስጥ ኩይሳ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ደቡብ ስለሆነ ቆላ ብቻ የሚመስለው ሰው ጃኬት ቢይዝ ይሻለዋል፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ማታ ማታ ትቀዘቅዛለች። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ሲሆን ቦረናዎች «ገና» ይሉታል (የልደት በዓል እንዳይመስላችሁ)። ሁለተኛው መስከረም መጨረሻ ላይ ጀምሮ እስከ ኅዳር የሚቆየው «ሐገያ» ነው። በመሀል ያለው ደረቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ በአቅራቢያው የለም።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ጉድጓድ ላይ ያልቃል። ከያቤሎ በስተደቡብና በስተምሥራቅ «ቱላ ሰግላን»፣ ዘጠኙ ቱላዎች፣ የሚባሉት ጥንታዊ ጉድጓዶች አሉ። ማን ቆፈራቸው ብትሉ አባቶቻችን ከማለት ያለፈ መልስ አታገኙም። አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። አሠራሩን ላስረዳችሁ። መጀመሪያ መሬቱ እንደ ቁልቁለት መንገድ ተቆፍሮ ከብቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ በጭቃ የተለሰነ ገንዳ ይጠብቀዋል። ከገንዳው ሥር ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ይቀጥላል። እዚያ ውስጥ ወጣቶች አንዱ ከሌላው በላይ እንደ መሰላል ተደርድረው፣ ከታች የተሞላውን ባልዲ ወደ ላይ፣ ባዶውን ወደ ታች ይወራወራሉ። ድሮ ባልዲው ከቆዳ ነበር፤ ዛሬ ጀሪካን ተቆርጦም ይሠራል። ሲቀባበሉ ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ለጌጥ አይደለም፣ የእጅን ፍጥነት የሚያስተካክለው እሱ ነው። ከላይ የቆመ ሰው ድምፁን ይሰማል እንጂ ዘፋኙን አያይም።

ውሃው አይሸጥም። ዕለት ዕለት ተራውን የሚያስጠብቀው «አባ ሄረጋ» ነው። ማን መቼ ያጠጣል፣ ከየትኛው ጎሳ ስንት ጉልበት ይመጣል፣ ገንዳው መቼ ይጠገናል፣ ይህን የሚያየው እሱ ነው። ከብቱ በየቀኑ አይጠጣም፤ በደረቁ ወቅት በየሦስት ቀኑ ነው። ከሁሉም በላይ ያለው ሕግ የገዳ ሥርዓት ሲሆን ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. መዝግቦታል። በየስምንት ዓመቱ በሚደረገው የጉሚ ገዮ ጉባኤ የግጦሽና የውሃ ሕግ ይታያል፣ ይሻሻላል።

ታሪኩን ባጭሩ እንንገራችሁ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በክፉ ቀን፣ የከብት በሽታው ቦረናንም ፈጀ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የምኒልክ ጦር መጣ፤ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም ከአካባቢው ጋር የተያያዘው ያኔ ነው። ጣሊያን ገባ። በየካቲት 1933 የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከኬንያ ተሻግረው ከያቤሎ በስተደቡብ ያለችውን ሜጋን ያዙ፣ ጣሊያንም ከአካባቢው ለቀቀ። በቅርቡ ደግሞ፣ በየካቲት 2015፣ ምሥራቅ ቦረና የሚባል አዲስ ዞን ሲቋቋም ብዙ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር።

ለከብቱ የበለጠ ለውጥ ያመጣው ግን የደርግ ዘመን ነው። በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ የግጦሽ ልማት ፕሮጀክት ያቤሎ ላይ ጽሕፈት ቤት ከፈተ፣ መንገድ ጠረገ፣ ኩሬ ቆፈረ። የቦረናን ከብት ዝርያ ለማቆየት የተቋቋመው የዲዳ ጡዩራ ራንችም የዚያው ዘመን ነው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ኩሬው ባለበት ከብቱ ዓመቱን ሙሉ ቆመ፤ ድሮ በዝናብ ወቅት ብቻ ይጋጥ የነበረው ሣር ማረፊያ አጣ። ሜዳውን በእሳት ማጽዳትም ተከለከለ። እሳቱ ሲቀር ቁጥቋጦው ወረረ። ሽማግሌዎቹ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋቸውም ነበር።

የቦረና ከብት ሻኛው ትልቅ፣ ድርቅና ረጅም ጉዞ የሚችል ነው። ኬንያ ውስጥ ራንቸሮች አርብተው አሻሽለውታል፣ ፅንሱ በማቀዝቀዣ ተጭኖ አውስትራሊያ ድረስ ሄዷል። እዚህ ደግሞ ወይፈኑ በሐሮ ባኬና በዱብሉቅ ገበያ ይሸጣል። ደላላው መሀል ገብቶ የገዢንና የሻጭን እጅ ይይዛል፣ ከብቱ አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ አዳማ አካባቢ ማድለቢያ ገብቶ ከከረመ በኋላ ወደ ዓረብ አገር ይላካል።

ወፍ ወዳድ ቱሪስትም ይመጣል። በዓለም ላይ በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ መሀል ብቻ የሚኖር ግራጫ፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነ የቁራ ዘመድ አለ። ለሳይንስ የታወቀው በ1930 ዓ.ም. ገደማ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ከዚህ የማይወጣው ዙሪያው ስለሚሞቅበት ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ቀሩ። የሞተው ከብት በሚሊዮን ተቆጠረ። ያልሞተችው ላም ራሷ መነሣት ሲያቅታት ጠዋት ጠዋት ሰው ተሰብስቦ፣ አንዱ ጭራዋን አንዱ ትከሻዋን ይዞ ያቆማታል። ከብቱ ያለቀበት ሰው «ቡሳ ጎኖፋ» አለው፦ ጎሳው ተሰብስቦ ከቀረው ከብት ያዋጣለታል። ያ ድርቅ ግን የሚያዋጣውንም ሰው ባዶ እጁን አስቀርቶታል። ዛሬ ግመል የሚገዛ ቦረና እየበዛ ነው፤ ግመል ቁጥቋጦውን ትበላለች።