ቻትን ከቻት የሚያሻግር ድልድይ

ዓባይ ጎጃምን ዞሮ ስለከበበው የድልድይ ጥቅም እዚህ ለማንም አይነገርም። የኮምፒውተር ሰዎች ድልድይ የሚሉት ደግሞ አንድ ቻት ላይ የተጻፈውን ወደ ሌላ ቻት የሚያሻግር ፕሮግራም ነው። ቴሌግራም ላይ የተጠየቀ ጥያቄ አይአርሲ (IRC) በሚባለው የቆየ የጽሑፍ ቻት ላይ ይወጣል፤ መልሱም በዚያው ይመለሳል።

ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም) የሚሠሩ ሰዎች አንድ ቦታ አይገናኙም። ነባሮቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ፊንላንድ የተፈጠረውን አይአርሲን አልተውም። ሌሎቹ ማትሪክስ ወይም ዲስኮርድ የሚባሉት ቻቶች ላይ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ያለ ተማሪ ስልኩ ላይ ያለው ግን ቴሌግራም ነው። ሌላ አፕ ጫን፣ ትእዛዙንም ተማር ከተባለ ገና ከደጃፍ ይመለሳል። ደግሞ ተራው አይአርሲ ያለፈውን አያስቀምጥም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የተባለው ሁሉ አምልጦታል። ቴሌግራም ያቆይለታል። ለእኛ አካባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለዚህ ሥራ ከሚታወቁት አንዱ ማተርብሪጅ ነው፤ ራሱም ክፍት ምንጭ ነው። በቴሌግራም በኩል ቦትፋዘር ዘንድ (የቴሌግራም ቦት መዝጋቢ ነው) ሄዶ ቦት፣ ማለትም በፕሮግራም የሚሠራ አካውንት፣ ማስመዝገብ ይጠይቃል። አድሚን ያልሆነ ቦት ፕራይቬሲ የሚባለው ቅንብሩ ካልጠፋለት የግሩፑን ወሬ አይሰማም። ድልድዩ ባንድ ወገን ብቻ ሲያሻግር መጀመሪያ መታየት ያለበት ይኸው ቅንብር ነው።

አማርኛ ላይ ሲደርስ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ የአይአርሲ መስመር ከነኮተቱ ከ512 ባይት (የኮምፒውተር ጽሑፍ መለኪያ) አያልፍም። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል ሦስት ይይዛል። «ሰላም» ብቻውን 9 ባይት ነው። የላኪውና የቻናሉ ስም ሲቀነስ ከ170 ፊደል በታች ይቀራል። ድልድዩ ረጅሙን መልእክት እንዲከፋፍል ካልታዘዘ ጭራው ይቆረጣል። ጥያቄው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጭራው ላይ ነው፤ እኛ ሰላምታ ሳንጨርስ ወደ ጉዳይ አንገባማ!

አይአርሲ ላይ ልማዱ ሌላ ነው፤ ጥያቄህን በቀጥታ ታፈሳለህ። «ሰላም ናችሁ?» ብሎ የሚጠብቅ ልጅ ሰዓት ሙሉ ዝም ሊባል ይችላል። ስሙም በወጉ አይታይም፤ እዚያ ማዶ የሚወጣው እንዲህ ነው፦

ድልድይ፦ [ማርታ] ሰላም ናችሁ?

ያልለመደ ሰው «ድልድይ፣ ሰላም» ብሎ ለቦቱ ይመልሳል። ይህን ፕሮግራም አያስተካክለውም። ማታ ማታ ግሩፑን የሚያይ፣ እንግዳን በስሙ የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል።

ድልድይ ይፈርሳልም። በማትሪክስና ሊበራ ቻት በሚባለው የአይአርሲ መረብ መካከል የነበረው ትልቅ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲዘጋ አብረው ያወሩ የነበሩ ሰዎች ማዶ ለማዶ ቀሩ። ሌላው የሚረሳው ነገር ሚስጥር ነው። የአይአርሲ ቻናል ወሬ ተቀድቶ ለሕዝብ ሊወጣ ስለሚችል፣ ግሩፑ አናት ላይ አንዲት መስመር ፒን ማድረግ ግድ ነው፦ «እዚህ የምትጽፉት ማዶም ይነበባል።»