የጥንቱን አየር ንብረት ከጢንዚዛ ክንፍ ማንበብ

ሱሉልታ ላይ የቤት መሠረት ሲቆፈር የሚወጣውን ጥቁር ጭቃ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጫማው ነው። እኔም ያው ነኝ። ግን ጭቃ ሳይደርቅና አየር ሳያገኘው ከቆየ የሺህ ዓመታት ነፍሳት ሊይዝ ይችላል። ከነሱም የዚያን ዘመን ብርድና ሙቀት መገመት ይቻላል።

ሙሉ አካል እምብዛም አይገኝም። የሚተርፈው ጭንቅላት፣ ደረት፣ በተለይ ደግሞ ጠንካራው የጢንዚዛ የላይኛው ክንፍ ነው፤ የተሠራበት ካይቲን ቶሎ አይበሰብስም። አወጣጡ የወጥ ቤት ሥራ ይመስላል። ጭቃው በውሃ ይበተንና በደቃቅ ወንፊት ይጣራል፣ የቀረው በላምባ ይታሻል፣ ከዚያ ውሃ ይጨመርበታል። ላምባው ካይቲኑ ላይ ስለሚይዝ ስብርባሪው ይንሳፈፋል፣ አብዛኛው የተክል ቅሪት ደግሞ ከታች ይቀራል። አንዳንዱ ክንፍ አረንጓዴ ብልጭታውን እንኳ አልለቀቀም።

በዚህ ሙያ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲውን ራስል ኩፕን መዝለል አይቻልም። ድሮ እነዚህ ጢንዚዛዎች የጠፉ ዝርያዎች ናቸው ይባል ነበር። እሱ ግን አብዛኞቹ ዛሬም በሕይወት እንዳሉ አሳየ፤ ቦታ ነው የቀየሩት። በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ግኝት እስካሁን ያስገርመኛል፦ ዛሬ ቲቤት ተራራ ላይ የሚኖር እበት በላ ጢንዚዛ በበረዶው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ነበር! አፕተን ዋረን በሚባል ቦታ ደግሞ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ዛፍ የሌለበት ሜዳ እንደ ዛሬው ሞቃት እንደነበር ጢንዚዛዎቹ መሰከሩ። የጥንቱን አየር ንብረት ከአበባ ብናኝ የሚያነቡ አጥኚዎች ይቅር ይበሉኝና፣ አየሩ ሲሞቅ ዛፍ ለመድረስ ይዘገያል፣ ጢንዚዛ ግን ይበራል። በ1987 እ.ኤ.አ. ኩፕ ከአትኪንሰንና ከብሪፋ ጋር ስሌቱን አሳተመ። እያንዳንዱ ዝርያ ዛሬ የሚችለው የሙቀት ክልል ይወሰዳል፤ አብረው የተገኙት ሁሉ የሚጋሩት ክልል የዚያን ጊዜ ሙቀት ነው።

ወደኛ ሰፈር ስንመጣ ሥራው ይሳሳል። መልካ ቁንጡሬ ላይ የአበባ ብናኝ ተጠንቷል። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለው የሙሽ ሸለቆ ደግሞ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው፣ ነፍሳት የበሏቸው ቅጠሎች አሉት።

ችግሩ የዋልካው አፈር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ አየር ይገባዋል፣ ካይቲኑም ይጠፋል። የዝርያዎቻችን መኖሪያ ካርታም ገና አልተሟላም። በሌላ በኩል እንጦጦ 3,200 ሜትር፣ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1,000 ሜትር 6 ዲግሪ ቢለዋወጥ በአንድ ሰዓት መንገድ ወደ 8 ዲግሪ ልዩነት ነው። ጢንዚዛን ከሙቀት ጋር ለማዛመድ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት አለ? ሐሩር አገር ላይ ዘዴው ያን ያህል አይሠራም የሚሉ አሉ፤ ተራራውን የረሱት ይመስለኛል።

እኔ ብሆን የምጀምረው ከቢሾፍቱ እሳተ ገሞራ ሐይቆች ወለል ነው። እዚያ ዋናው ምስክር የማትናከሰው ትንኝ ናት፤ እጯ ጭቃ ውስጥ ታድግና የጭንቅላቷን ቅርፊት ትታ ትሄዳለች። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ተመራማሪው ፈርሹረንና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ከእንዲህ ያለ ቅርፊትና ከአልጌ የ1,100 ዓመት የዝናብና የድርቅ ታሪክ አውጥተዋል፤ ሐይቁ ሲጎድል ጨው ይበዛል፣ ትንኞቹም ይቀየራሉ። መውጫ የሌላቸው የቢሾፍቱ ሐይቆችም እንዲሁ ናቸው። ማታ ሆራ ዳር መብራቱ ስር ተሰብስበው አሣው ላይ የሚወድቁት የእነዚሁ ዘመዶች ናቸው።