«የመሬት ካሳ» ሲባል የምኑ ካሳ ነው?

አዲስ አበባ ዳር ያለውን ኮዬ ፈጬን ዛሬ ላየ ሰው፣ ያ ሁሉ ኮንዶሚኒየም የቆመው በእርሻ ማሳ ላይ ነው ቢሉት ማመን ይከብደዋል። ታዲያ መንግሥት መሬቱን ወስዶ «ገበሬው የመሬት ካሳ ተከፈለው» ሲባል ብዙዎቻችን መሬቱን የሸጠ ይመስለናል። አልሸጠም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ የመሬቱ ዋጋ ሒሳቡ ውስጥ የለም።

የሚከፈለው አንድም መሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው፦ ለቤቱ፣ ለአጥሩ፣ ለባሕር ዛፉ፣ ለቆመው ሰብል። ሌላው ለሚቀርበት ገቢ ነው። ግራ የሚያጋባው ይሄኛው ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 455 ያለፉትን 5 ዓመታት አማካይ ገቢ በ10 ያባዛ ነበር። የ2011ዱ አዋጅ 1161 ግን ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተሰጠ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ ወስዶ በ15 ያባዛል። ለምሳሌ በተሻለው ዓመት 60,000 ብር ያገኘ ገበሬ 900,000 ብር ይደርሰዋል።

ብሩ ለዓይን ይሞላል። ግን የታሰበው የ15 ዓመት ገቢ ብቻ ነው፤ ማሳው ደግሞ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነበር። እንዲህ ያለ መሬት በኋላ ለሊዝ ጨረታ ሲወጣ በካሬ የሚጠራው ዋጋም ከዚህ ስሌት ጋር አይገናኝም። እኔን ሁሌም የሚከነክነኝ ይሄ ነው።