«ኬንያ ከፈቀደችው እዚህም ተፈቅዷል» እና ስለ አፍሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር የሚነገሩ ሌሎች ስህተቶች

የአፍሪካ አገራት መድኃኒት የሚመዘግቡበትንና የሚቆጣጠሩበትን ሥርዓት እያቀራረቡ መሆናቸው በዜና ከተሰማ ወዲህ፣ ቱሉ ዲምቱ ባለው መድኃኒት ቤታችን የሚነሡት ጥያቄዎች ተለውጠዋል። ደንበኛው ሰምቶ ይመጣል፤ የሰማው ግን ብዙ ጊዜ ግማሹን ነው። እንደ ፋርማሲ ባለሙያ ይህን የማቀራረብ ሥራ ከልቤ እደግፈዋለሁ፤ በተሳሳተ መንገድ ሲወራበት ዝም ማለት ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

«አንድ አገር የፈቀደው መድኃኒት በሁሉም አገር ተፈቅዷል ማለት ነው»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አባት የደም ግፊት መድኃኒት ይዘው መጡና «ልጄ፣ የእህቴ ልጅ ከናይሮቢ ያመጣልኝ ነው። አሁን የአፍሪካ መድኃኒት አንድ ሆኗል አሉ፤ በዚሁ ልቀጥል?» አሉኝ። ባንኮኒው ላይ ያስቀመጡት ካርቶን የሌለው ስትሪፕ ነበር። ጫፉ በመቀስ ተቆርጧል፤ የባች ቁጥሩ (አንድ ላይ የተመረተውን መድኃኒት ለይቶ የሚያሳውቀው ቁጥር) እና የመጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ የነበሩት በተቆረጠው በኩል ነው። «አባባ፣ ይህ መቼ እንደሚያበቃ እንኳን ማወቅ አንችልም» ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

አገራቱ በጋራ የሚሠሩት ምርመራውን ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገራት ይህን በ2004 ዓ.ም. ጀመሩ፤ ዛምቢያ፣ ዚምባብዌ፣ ቦትስዋናና ናሚቢያ በ2006 ዓ.ም. ተከተሉ። የየአገሩ ገምጋሚዎች አንድ ላይ ተቀምጠው የአምራቹን ሰነድ ይመረምራሉ፣ ፋብሪካውን በጋራ ይጎበኛሉ፣ በአንድ የውሳኔ ሐሳብ ላይም ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ነው። በእኛ አገር ይህ ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ምዝገባ ሲባል ደግሞ ስለ ፍቱንነቱ ብቻ አይደለም። ምርቱ ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣና በማን በኩል እንደገባ ይታወቃል፤ ችግር ሲገኝበት ከየመደርደሪያው የሚሰበስብ ተጠያቂ አለው። በሻንጣ የገባው መድኃኒት ምንም ያህል ደህና ቢሆን እንዲህ ያለ ባለቤት የለውም።

«የአፍሪካ መድኃኒት ኤጀንሲ የእኛን ባለሥልጣን ይተካል»

አይተካም። ኤጀንሲውን የሚያቋቁመው ስምምነት እዚሁ አዲስ አበባ በየካቲት 2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጉባኤ ጸደቀ፤ 15 አገራት የማጽደቂያ ሰነዳቸውን ሲያስገቡ ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። መቀመጫው ኪጋሊ ነው። ሥራው የአገራቱን ተቆጣጣሪዎች ማስተባበርና ለአንድ አገር ብቻውን በሚከብዱ ውስብስብ ምርቶች ላይ ማገዝ ነው።

«መመዘኛው ወደ ደካማው አገር ደረጃ ይወርዳል»

ይህን ሥጋት ከተማሩ ሰዎችም እሰማለሁ፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። የጋራ መመዘኛ በሌለበት አምራቹ ለአንዱ አገር የተሟላ ሰነድ፣ ለሌላው የሳሳ ሰነድ ማቅረብ ይችላል፤ የሚያነጻጽር የለምና። ሁሉም አንድ ዓይነት ሰነድ ሲጠይቁና አብረው ሲያነቡት ይህ ቀዳዳ ይጠባል። ለምሳሌ መድኃኒቱ ሙቀትን ስለመቋቋሙ የሚቀርበውን ማስረጃ ውሰዱ። ለቀዝቃዛ አገር የሚዘጋጅ መድኃኒት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተፈትኖ ሊያልፍ ይችላል። ሞቃታማ ለሆኑ አገራት ግን ፈተናው በ30 ዲግሪና በከፍተኛ እርጥበት መደረግ አለበት። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ ላይታየን ይችላል፤ መተማ ወይም ሰመራ ላይ ግን የመድኃኒቱ ኃይል የሚጸናው ወይም የሚደክመው በዚሁ ነው።

አንዱ የደረሰበትን ሌላው ባለማወቁ የሚከፈለውን ዋጋ ደግሞ አይተነዋል። በ2001 ዓ.ም. ናይጄሪያ ውስጥ ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት በሚሰጥ ሽሮፕ ከ80 በላይ ሕፃናት ሞቱ። በሽሮፑ የተገኘው ዳይኢትሊን ግላይኮል የሚባል፣ ኩላሊትን የሚያጠፋ መርዝ ነው። ከዓመታት በኋላ በጋምቢያ ይኸው መርዝ በተገኘባቸው የሳል ሽሮፖች ምክንያት ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት አለቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያውን ያወጣው መስከረም 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ጋምቢያ በወቅቱ ሽሮፑን የምትመረምርበት የመድኃኒት ጥራት ላቦራቶሪ አልነበራትም። ላቦራቶሪ የሌለው አገር ላቦራቶሪ ካለው ጎረቤቱ ጋር ካልተያያዘ ልጆቹን በምን ይጠብቅ? ይህን ሳስብ የማቀራረቡ ሥራ መጓተቱ ያንገበግበኛል።

ሥጋቱ ግን ከንቱ ነው አልልም። በጋራ የተሠራ ስህተት በብዙ አገር ይሰራጫል፤ ስለዚህ የገምጋሚዎቹ ብቃት ራሱ መመዘን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የቁጥጥር ተቋማትን በአራት ደረጃ ይመዝናል፣ ከፍተኛው አራተኛው ነው፤ ከአፍሪካ ቀድማ ሦስተኛው ደረጃ ላይ የደረሰችው ታንዛኒያ ነች፣ በ2011 ዓ.ም.።

«የአገር ውስጥ ፋብሪካዎችን ይገድላል»

ለመድኃኒት አምራቾች ተብሎ የተገነባው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለእኛ ሰፈር ቅርብ ነው፤ ጉዳዩ ለጎረቤቶቼ የእንጀራ ጉዳይ ነው። እዚያ የሚያመርት ፋብሪካ ምርቱን ለኬንያም፣ ለዑጋንዳም፣ ለደቡብ ሱዳንም ልሽጥ ቢል ለየአገሩ የተለያየ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ለየአገሩ መክፈል፣ የየአገሩን ተቆጣጣሪ ማስተናገድ ይጠበቅበታል። ይህ ድካም ሲቀል የሚሸጥበት ገበያ ይሰፋል። በእርግጥ በሩ በሁለቱም በኩል ስለሚከፈት የጎረቤት አገር ምርትም በቀላሉ ይመጣል። ጥራቱን ያልጠበቀ ፋብሪካ ይጎዳል፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም።

«ዋጋ ወዲያው ይቀንሳል»

ወዲያው አይቀንስም። የምዝገባው ጊዜ ሲያጥርና ተወዳዳሪው ሲበዛ ቀስ በቀስ ሊረዳ ይችላል። በእኛ መደርደሪያ ላይ ያለውን ዋጋ በዋናነት የሚወስኑት የውጭ ምንዛሪ፣ የትራንስፖርት ወጪና የግዢው መጠን ናቸው።

«ከተመዘገበ በኋላ ሌላ ጣጣ የለውም»

ምዝገባ መጀመሪያው ነው። በደንብ የተመረመረ ኢንሱሊን ከማቀዝቀዣ ውጭ ከዋለ፣ ሽሮፕም በመጋቢት ፀሐይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከከረመ፣ ኪጋሊ ወይም አዲስ አበባ የተፈረመ ሰነድ አያድነውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገራት ከ10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። እንዲህ ያለው ምርት በብዛት የሚታወቀው የወሰደው ሰው ወይም የሰጠው ባለሙያ ሲናገር ነው። ስለዚህ እናቶች «መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ልጄ ባሰበት» ብላችሁ ስትመጡ ጠርሙሱን ከነካርቶኑ አምጡልን፤ የተረፈውን አትድፉት። የባች ቁጥሩን ይዘን ለባለሥልጣኑ በነፃ የስልክ መስመር 8482 እናሳውቃለን፤ እናንተም ራሳችሁ መደወል ትችላላችሁ። የባች ቁጥሩ ከሌለ ግን ጅግጅጋም ሆነ ናይሮቢ ላለ ባለሙያ የትኛውን ምርት ከመደርደሪያው እንዲያወርድ መንገር አንችልም።