የካንቶንኛው «ጓይ» ምንድን ነው?

በደቡብ ቻይና በሚነገረው በካንቶንኛ ቋንቋ «ጓይ» በቁሙ ጋኔን ወይም የሙት መንፈስ ማለት ነው። በሆንግ ኮንግ፣ በማካዎና በጓንግዡ የዕለት ወሬ ውስጥ ግን ቅጽል ማጋነኛ ሆኖ ያገለግላል፤ እኛ «ክፉኛ» ወይም «ጉድ እስኪባል» የምንለውን ስሜት ይሸከማል።

ለ«በጣም» የተለመደው ቃል «ሆው» ነው፤ አገልግሎት ስለበዛበት ግን ጉልበቱ አልቋል። «ጋም ያት ሆው ዪት» በቁሙ «ዛሬ በጣም ይሞቃል» ቢሆንም፣ ጆሮ ላይ «ዛሬ ይሞቃል» ከማለት ብዙም አይበልጥም። ሆውን ማውጣትም አይቻል፤ ቅጽሉ ብቻውን ሲቀር «ከሌላው ይልቅ» የሚል ማነጻጸሪያ ይመስላል። ስለዚህ ሙቀቱ ያስመረረው ሰው «ጋም ያት ጓይ ጋም ዪት» ይላል፤ ከጓይ ቀጥሎ ያለው «ጋም» «እንዲህ» ማለት ነው። «ሆው ጓይ ዪት» ማለትም ይችላል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ጓይ ቃል ሰንጥቆ መግባቱ ነው። «ማፋን» ማለት ጣጣ የበዛበት ነው፤ ሲጋነን «ማ-ጓይ-ፋን» ይሆናል። «ዉዞው»፣ ማለትም ቆሻሻ፣ «ዉ-ጓይ-ዞው» ይባላል። እንዲህ የሚሰነጠቀው ከአንድ ቀለም በላይ ያለው ቃል ነው፤ «ዪት» አንድ ቀለም ብቻ ስለሆነ የሚሰነጠቅ ወገብ የለውም።

ጀማሪን የሚያስተው ቃናው ነው። ካንቶንኛ በተለምዶ 6 ቃና አለው ይባላል። ማጋነኛው ጓይ ሲነገር ድምፁ ወደ ላይ ይነሳል፣ ልክ «እህ?» ስንል እንደሚነሳው። ያው ጓይ በመካከለኛ ከፍታ ሳይነሳ ሳይወርድ ከተባለ ግን «ውድ» ማለት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ «ሆው ጓይ ጓይ» ይሆናል፤ ሆውና የመጀመሪያው ጓይ ይነሳሉ፣ የመጨረሻው ቀጥ ይላል፣ ትርጉሙም «ዋጋው እሳት ነው» ነው። ሁለቱንም ጓይ ቀጥ አድርጎ የሚናገር ሰው «ውድ ውድ» እያለ ነው።

በአሉታ ጓይ አይመችም። «ያን ያህል አይሞቅም» ለማለት «ም ሃይ ጌይ ዪት» ይበቃል።

ጓይ የጓደኛና የቤት ቃል ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ለማያውቁት ሽማግሌ ወይም ለመደበኛ ጽሑፍ አይሆንም። ከእሱ የባሱ የብልግና ቃላትም በዚያው ስንጥቅ ውስጥ ስለሚገቡ፣ በ«ማ» እና በ«ፋን» መሃል ሌላ ቀለም ከሰሙ ትርጉሙን ሳያጣሩ አይድገሙት።