የሒሳብ ክፍል ምልከታ ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ ሱፐርቫይዘር ክፍል ሲገባ ቅጹ የሚጠይቀው ይታወቃል። የትምህርት ዕቅድ አለ? መርጃ መሣሪያ አለ? ሰሌዳ አጠቃቀሙስ? ሁሉም «አለ» ይሆንና ደወል ይደወላል። ሒሳቡን ግን ማን አየው?

የክፍል ምልከታ ማለት ትምህርቱን ተቀምጦ ማየት፣ ያዩትን መመዝገብ፣ ከዚያም ከመምህሩ ጋር መነጋገር ነው። ትምህርቱ ሒሳብ ከሆነ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጆቹ ምን አሰቡ?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ያለ አንድ ክፍል እናስብ። ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ተጽፏል። አንድ ልጅ ይወጣና 2/5 ብሎ ይጽፋል። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሮ ነው። መምህርቷ «አይደለም፣ ተቀመጥ። ሌላ?» ካለች ጎበዟ ተማሪ 5/6 ትላለች፣ ይጨበጨብላታል፣ ይታለፋል። ቅጹም «ተማሪዎችን ታሳትፋለች» ይላል። «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብላ ብትጠይቅስ? ያንሳል። ታዲያ ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት አነሰ? ለእኔ ጥሩ ታዛቢ ብዕሩን የሚያነሳው እዚህ ጋ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሄዘር ሂልና ባልደረቦቿ ያዘጋጁት ኤም.ኪው.አይ. (በማስተማሩ ውስጥ ያለው የሒሳብ ጥራት እንደማለት) የሚባል የክፍል ምልከታ መለኪያ የሚያየው ይህንኑ ነው። ትምህርቱ 7 ደቂቃ ተኩል ገደማ እየተከፋፈለ ይታያል። ሒሳቡ ምን ያህል ጥልቀት አለው? መምህሩ የተማሪውን ሐሳብና ስህተት ምን አደረገበት? ራሱስ ተሳስቷል?

የዝምታው ርዝመትም ይቆጠራል። ሜሪ ባድ ሮው በሳይንስ ክፍሎች ባደረገችው ጥናት፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት የልጆቹ መልስ ረዘም አለ፣ የሚሞክረውም ልጅ በዛ።

ድሬ ላይ ደግሞ ቋንቋ አለ። ልጁ ከጎኑ ካለው ጋር በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ተመካክሮ በአማርኛ ይመልሳል። ያንን «ረብሻ» ብሎ መመዝገብ ያሳዝናል። ልጁ እኮ እያሰበ ነው! ቋንቋውን የማይሰማ ታዛቢ ከመፍረዱ በፊት መምህሩን ይጠይቅ።

በአንድ ቀን ጉብኝት ነጥብ መስጠትም ልክ አይደለም። ጠዋት ንቁ የነበረ ክፍል ከሰዓት በሙቀቱ ይዝላል። በተለያየ ቀን ደጋግሞ መግባት፣ ሲቻልም ሁለት ሰው ሆኖ ማየት ይሻላል። ውይይቱ በዚያው ቀን ይሁን፤ ሲጀመርም ልጆቹ በጻፉት ይጀመር። ነጥቡ ቀድሞ ከተነገረ መምህሩ ሌላውን አይሰማም።